ደማቅ ጊታር፣ የከፋው ድምፅ፦ የዘ ስሚዝስ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

የጥያቄና መልስ ዓምዳችን በዚህ እትም ሙሉ በሙሉ የዘ ስሚዝስ ወዳጆች ነው። ባንዱ በ1982 ማንችስተር ውስጥ ተመሥርቶ በ1987 ተበተነ። በመካከሉ አራት የስቱዲዮ አልበሞችና ከአልበም ውጪ የወጡ ብዙ ነጠላ ዜማዎች ትቶልናል። ግጥሙና ድምፁ የሞሪሲ፣ ሙዚቃውና ጊታሩ የጆኒ ማር፣ ቤዙ የአንዲ ሩርክ፣ ድራሙ የማይክ ጆይስ ነበር። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል። ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙ ሰው የሚጠይቃቸውን መርጠን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ስብስብ አልበማቸው ከዋናው አልበም በዛብኝ። አንዱ ዘፈን ሦስት ቦታ ይገኛል፣ ሌላው የትም የለም። በየትኛው ልጀምር?» ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በሃትፉል ኦቭ ሆሎው ይጀምሩ። በኖቬምበር 1984 የወጣ ስብስብ ነው፤ አብዛኛው ዘፈን በ1983 ለቢቢሲ ሬዲዮ፣ ለጆን ፒልና ለዴቪድ ጄንሰን ፕሮግራሞች የተቀዳ ነው። የሬዲዮ ቀረጻ በአንድ ቀን ተጀምሮ የሚያልቅ ስለሆነ መቀባባት አይታይበትም። አራቱ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ሲጫወቱ ይሰማዎታል።

ልዩነቱን በጆሮ ለመያዝ ባክ ቱ ዚ ኦልድ ሃውስ የሚለውን ዘፈን በሁለቱም ቅጂ ያዳምጡ። በነጠላ ዜማ ጀርባ የወጣው ሙሉ ባንድ ያለበት ነው። ሃትፉል ላይ ያለው ግን አንድ አኮስቲክ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ግጥሙ ያው ሆኖ ሳለ ሁለተኛው አንጀት ይበላል። ስቲል ኢል ደግሞ እዚህ በሃርሞኒካ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው አልበም ላይ ሃርሞኒካው የለም።

በባንዱ ስም የተሰየመውን የ1984ቱን የመጀመሪያ አልበም ለመጨረሻ ያቆዩት። በ1983 ክረምት ትሮይ ቴት የተባለ ፕሮዲዩሰር ለንደን ውስጥ ቀድቶት ከጨረሰ በኋላ ተጥሎ፣ ጆን ፖርተር እንደ አዲስ የቀዳው ነው። ዘፈኖቹ ግሩም ናቸው፤ ድምፁ ግን ደብዝዟል፣ ድራሙም ሩቅ ነው። ባንዱን ከወደዱ በኋላ ቢሰሙት ጉድለቱን ጆሮዎ ራሱ ይሞላዋል። በእሱ ከጀመሩ ግን ሊሰለችዎት ይችላል።

ከሃትፉል ቀጥሎ ዘ ኩዊን ኢዝ ዴድ (ጁን 1986)። ዴር ኢዝ ኤ ላይት ላይ የሚሰሙት ቫዮሊን የመሰለ ድምፅ እውነተኛ ኦርኬስትራ አይደለም፤ ኢሙሌተር በሚባል ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ በሚያጫውት መሣሪያ) ማር በቁልፍ የተጫወተው ነው። ሚት ኢዝ መርደር (ፌብሩዋሪ 1985) ከስቱዲዮ አልበሞቻቸው በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ብቸኛው ነው። ስትሬንጅዌይስ ሂር ዊ ካም በሴፕቴምበር 1987 ለገበያ ሲቀርብ ባንዱ ፈርሶ ነበር። የመክፈቻው ዘፈን ላይ ጊታር የሚባል ነገር የለም፤ ማር ሆን ብሎ ነው ያስቀረው።

ስብስቦቹን በተመለከተ፦ ሃትፉል ካለዎት ዘ ወርልድ ዎንት ሊስን ይጨምሩ። ከዋና ዋናዎቹ የሚጎድልዎት ሺላ ቴክ ኤ ባው ነው፤ ምክንያቱም ነጠላው የወጣው ከስብስቡ በኋላ በኤፕሪል 1987 ነው። አንድ ብቻ ልግዛ ካሉ ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀውና 24 ዘፈን የያዘው ላውደር ዛን ቦምብስ ይሻላል፤ ከሃትፉል ጋር ግን ብዙ ዘፈን ይደጋገምብዎታል። ጂን እና ዎንደርፉል ውማን የሚባሉት ሁለቱ በሦስቱም ውስጥ የሉም። በ2008 የወጣው ዘ ሳውንድ ኦቭ ዘ ስሚዝስ ባለ ሁለት ሲዲው እትም ላይ ያገኟቸዋል፤ አንድ ሲዲ ብቻ ያለውን እንዳይገዙ።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢያን ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የአሜሪካው የመጀመሪያ አልበም ዲስ ቻርሚንግ ማንን፣ የአሜሪካው ሚት ኢዝ መርደር ሃው ሱን ኢዝ ናውን ጨምረው ነው የታተሙት። የእንግሊዞቹ የመጀመሪያ ሸክላዎች ላይ ሁለቱም የሉም። ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «እኅቴ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻና ዘ ኩዊን ኢዝ ዴድን ላከችልኝ። በትራንስፎርመር ሰካሁት። ይሠራል፤ ግን ሁሉም ነገር ይጎተታል፣ የሞሪሲ ድምፅ የሽማግሌ ሆነ። ሸክላው ነው የተበላሸው?» ከአዳማ

መልስ፦ ሸክላው ደኅና ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርዳል፤ የኤሌክትሪኩን ንዝረት ግን አይቀይርም። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ 50። ሞተሩ ፍጥነቱን ከኸርዙ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ በ60 ታስቦ የተሠራው በ50 ሲነዳ ከስድስት አንድ እጅ ፍጥነቱን ያጣል። በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት 28 ያህል ይዞራል፤ ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ወርዶ ይሰማል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ያስቀምጡ፣ በስልክዎ ሰዓት አንድ ደቂቃ ይያዙ፣ ወረቀቱ ፊትዎ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይቁጠሩ። 33 ከሆነ ሌላ ችግር ይፈልጉ። 28 ግድም ከሆነ የተናገርነው ነው።

መፍትሔው ቺንጋውን መቀየር አይደለም፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው፣ ምንም አይለውጥም። መቀየር ያለበት ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ፑሌጃ ናት። የ50 ኸርዙ ፑሌጃ ከ60ው በ20 በመቶ ይወፍራል። ለብዙ የታወቁ ማጫወቻዎች ለየብቻው ይሸጣል፤ የሞዴሉን ቁጥር ከሥሩ አንብበው በዚያው ይዘዙ። ጎበዝ ቶርናቶሪም ከነሐስ ሊያወጣው ይችላል፤ መካከሉ ግን በፀጉር ስፋት እንኳ ከሳተ ድምፁ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል። አንዳንዱ ፑሌጃው ላይ ፕላስተር ይጠቀልላል። ፍጥነቱ ይስተካከላል፣ የፕላስተሩ መጋጠሚያ በዞረ ቁጥር ግን ጊታሩ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ ባንድ ላይ ደግሞ ጊታሩ ከተንቀጠቀጠ ምን ቀረ?

ማብሪያውን 45 ላይ ማድረግም አያድንም። 45 የነበረው 37 ተኩል ይሆንና አሁን ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ገና የሚገዙ ካሉ በዲሲ ሞተር የሚሠራ፣ አዳፕተሩም ላይ «100–240 ቮልት» የሚል የተጻፈበት ይምረጡ። ያ ያለ ትራንስፎርመር የትም አገር ይሠራል።

ጥያቄ፦ «ሳም ገርልስ የሚለው ዘፈን መጀመሪያ ላይ ድምፁ ይጠፋና ይመለሳል። ዳት ጆክ ላይም ዘፈኑ አልቆ እንደገና ይመጣል። አምፕሊፋየሬ ነው?» ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለቱም እንደዚያ ሆነው ነው የተሠሩት። በሳም ገርልስ መግቢያ ላይ ድምፁ ሆን ተብሎ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። በር ተዘግቶ የተከፈተ ይመስላል። ዳት ጆክ በአልበሙ ቅጂ ላይ ከሞተ በኋላ ይነሣል፤ በነጠላው ግን አጥረውታል። ቮልዩሙን ከፍ አድርገው አይጠብቁት፣ ሲመለስ ጆሮ ይመታል።

ጥያቄ፦ «ጊታር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ኮርዶቹን በትክክል እይዛለሁ። ከሸክላው ጋር ስጫወት ግን አይገጥምም፣ ብቻዬን ስጫወትም የማርን ድምፅ አያወጣም። ምን ጎደለኝ?» ከሜሪላንድ

መልስ፦ ሁለት ነገር ጎድሎዎታል፤ አንዱ ቅኝት፣ ሁለተኛው ብዛት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማር ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ያደርገው ነበር። ከፍታው ለሞሪሲ ድምፅ ይስማማል፤ ክሩም ሲወጠር ይበልጥ ይጮኻል፣ ያበራል። የዚህ ባንድ ምሥጢር አንዱ እዚህ ላይ ነው፦ ድምፁ ወደ ታች ሲከፋ ጊታሩ ወደ ላይ ይስቃል። ጊታሩን ዝቅ አድርገው ቢጫወቱት ግጥሙም ሙዚቃውም አብረው ያለቅሱና ዘፈኑ ይከብዳል።

እርስዎ ግን ክሩን አይወጥሩት፣ ካፖ (አንገቱ ላይ ታስሮ ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) ይጠቀሙ። በአንድ ድምፅ ከፍ ሲል የክሩ ጉልበት በ26 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውፍረቱ (በኢንች ሺኛ) ከ10 እስከ 46 በሆነ የክር ስብስብ ላይ ይህ ሲሆን አንገቱ ይጎብጣል፤ አኮስቲክ ከሆነ ደግሞ ክሩን የሚይዘው ድልድይ ከሣጥኑ ሊላቀቅ ይችላል። ግድ ካፖ አልፈልግም ካሉ ከ9 እስከ 42 ያለውን ስብስብ ያድርጉ። ለዲስ ቻርሚንግ ማን ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ አድርገው በጂ ቅርጾች ይጫወቱ፤ የሚወጣው ድምፅ ኤ ይሆናል፣ ከሸክላውም ጋር ይገጥማል።

ካፖውን በሁለት ፍሬቶች መካከል አይጣሉት፤ ከፍሬቱ ብረት ኋላ አስጠግተው ያሥሩት። በጣም ከጠበቀ ክሩ ከልኩ ከፍ ይላል፤ ቀድማ የምትስተው ሦስተኛዋ ክር ናት። ካፖውን ካሠሩ በኋላ እንደገና መቃኘት አይርሱ፤ ከሸክላው ጋር «ሊገጥም ምንም አልቀረው፣ ግን ይቆረቁራል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲረሳ ነው።

ማር በእነዚያ ዓመታት የተጫወተባቸው ሪከንባከር 330፣ የ1954 ፌንደር ቴሌካስተርና ጊብሰን ኢኤስ-355 በየሱቁ አይገኙም። ሦስቱም ግን የሚሉት አንድ ነው፦ ጥርት ያለ ድምፅ። የአምፕሊፋየሩን ጌይን ዝቅ ያድርጉ፣ ኮምፕሬሰር (ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ) ካለዎት ከአራት ወደ አንድ አካባቢ፣ ኮረሱን (አንዱን ጊታር ብዙ የሚያስመስለውን) በጣም በቀስታ። ኮረስ ሲበዛ የውኃ ውስጥ ድምፅ ይሆናል፤ ማርን እናስመስላለን የሚሉ ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። ጊታርዎ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሃምበከር ያለው ከሆነ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 7 ያውርዱት፣ ይጠራል።

አሁን ወደ ብዛቱ። ማር ዲስ ቻርሚንግ ማን ላይ 15 ያህል የጊታር ትራክ እንዳለ ተናግሯል። አንድ ሰው በአንድ ጊታር ያንን ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ራስዎን አይውቀሱ። ቤት ውስጥ በስልክም በኮምፒውተርም ለመቅዳት ሦስት ትራክ ይበቃል። አንደኛው ዋናው፣ ኮርዱን በነጠላ ክር እየሰበሩ የሚጫወቱት፤ ይህን ወደ አንድ ጎን ያድርጉት። ሁለተኛው አኮስቲክ ምት፣ እንዳለ የማይታወቅ ሲቆም ግን የሚታወቅ እስኪሆን ዝቅ ያለ። ሦስተኛው በናሽቪል ቅኝት የተቃኘ ጊታር፣ ወደ ሌላው ጎን።

ናሽቪል ማለት አራቱን ወፍራም ክሮች አውጥቶ በቀጫጭን ተክቶ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግ ነው። ከአንደኛዋ ክር ጀምሮ ውፍረቱ 10፣ 14፣ 9፣ 12፣ 18፣ 27 ነው። የተዘጋጀ ስብስብ ካጡ ባለ 12 ክር ጊታር የሚሆን ስብስብ ይግዙ፤ ከየጥንዱ ቀጭኖቹን ሲለዩ ያው ናሽቪል ነው፣ ወፍራሞቹም ለሌላው ጊታር ይተርፉዎታል። ባለ 9 ውፍረቷ፣ ማለትም ሦስተኛዋ ክር፣ ከሁሉም ከፍ ብላ የምትቃኝ ስለሆነች ለመበጠስ ቅርብ ናት። ዓይንዎን አርቀው በቀስታ ይወጥሯት፤ ሁለት ሦስት ትርፍ ይኑርዎት። በናሽቪል ጊታር ላይ ካፖ ጨምሮ መወጠር ግን ችግር የለውም፤ ካፖ ክሩን ያሳጥራል እንጂ ጉልበቱን እምብዛም አይጨምርም።

ማር ጊታር መጫወት ብቻ አይበቃውም ነበር። ቴሌካስተሩን በክፍት ኮርድ ቃኝቶ ትሬሞሎው (ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚያንቀጠቅጠው) በተከፈተ ፌንደር ትዊን አምፕሊፋየር ላይ አጋድሞ፣ እጀታው ብረት የሆነ ቢላዋ ክሮቹ ላይ ይጥል ነበር። ዲስ ቻርሚንግ ማን ውስጥ አለ። ሊሞክሩት ከፈለጉ ቢላዋውን በስለቱ ሳይሆን በእጀታው በኩል፣ ከጣት ርዝመት በማይበልጥ ከፍታ ይልቀቁት፤ ከዚያም በቀረጻው ውስጥ በጣም ዝቅ አድርገው ይቅበሩት።

ለሚት ኢዝ መርደር መክፈቻ፣ ለዘ ሄድማስተር ሪችዋል፣ ተራው ቅኝት አይሆንም። ስድስተኛዋን ወደ ዲ፣ ሦስተኛዋን ወደ ኤፍ ሻርፕ፣ ሁለተኛዋን ወደ ኤ፣ አንደኛዋን ወደ ዲ ያውርዱ፤ አምስተኛዋና አራተኛዋ ባሉበት ይቆያሉ። ካፖ ሁለተኛው ፍሬት። ሁሉም ወደ ታች ስለሆነ ክር አይበጠስም፤ ስድስተኛዋ ግን ላልታ ልትርገበገብ ትችላለች፣ የቀኝ እጅዎን ያቅልሉ።

ጥያቄ፦ «የሃው ሱን ኢዝ ናው የሚንቀጠቀጥ ጊታር እንዴት ተሠራ? ፔዳል ገዝቼ ሞከርኩ፤ ከምቱ ጋር አልሄድ አለኝ።» ከስቶክሆልም

መልስ፦ በ1984 ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ ጃም ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠራው። ማር ምቱን ንጹሕ አድርጎ በቴፕ ቀዳ። ከዚያ ያንን ቴፕ ትሬሞሎ ወዳላቸው አራት ፌንደር ትዊን አምፕሊፋየሮች መልሰው ላኩት። ማር ሁለቱን፣ ጆን ፖርተር ሁለቱን ይዘው፣ እጃቸው ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ሳይለይ ከምቱ ጋር ሊያስኬዷቸው ታገሉ። የእያንዳንዱ አምፕ ትሬሞሎ በራሱ ሰዓት ስለሚሄድ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለያያሉ። በተለያዩ ቁጥር ቴፑን አቁመው፣ መልሰው፣ ካቆሙበት ይቀጥሉ ነበር። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ያልፋል። ያ ሁሉ ድካም መጀመሪያ የወጣው የዊልያም ባለ 12 ኢንች ነጠላ ዜማ ጀርባ ላይ ነበር!

የእርስዎ ስሕተት ከቅደም ተከተሉ ይመስለናል። በትሬሞሎ ውስጥ እየተጫወቱ ቀድተው ከሆነ መመለሻ የለውም። መጀመሪያ ካፖ ሁለት ላይ፣ በኢ ቅርጽ፣ ያለምንም ፔዳል፣ ከሜትሮኖም ጋር ይቅዱ። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 94 ምት አካባቢ ነው። የተቀዳውን ሁለት ጊዜ በትሬሞሎ አሳልፈው አንዱን ግራ፣ ሌላውን ቀኝ ያድርጉ። ለአንድ ምት አራት ንዝረት ስለሚያስፈልግ 60ን ለ94፣ ከዚያ ለ4 ያካፍሉ፤ 0.16 ሰከንድ ይመጣል፣ በሰከንድ ከስድስት ትንሽ የሚበልጥ ንዝረት ማለት ነው።

ፍጥነቱ ልክ ሆኖም የማይገጥምበት ምክንያት አለ። ፔዳሉ ንዝረቱን የሚጀምረው ሲያበሩት ባለበት ቦታ እንጂ ከአንደኛው ምት አይደለም። የተቀዳውን ኮምፒውተር ላይ ቆርጠው የመጀመሪያዋን ንዝረት ከመጀመሪያው ምት ጋር ያጋጥሟት። ጥልቀቱን እስከ መጨረሻው አይክፈቱት፤ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ መትረየስ ይመስላል፣ የቀረጻው ግን ይተነፍሳል። ግራውንና ቀኙን ፍጹም እኩል ማድረግም ሕይወቱን ይገድለዋል፤ አንዱን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ያዘግዩት። ዲስቶርሽን የሚጨምሩ ከሆነ ከትሬሞሎው በፊት ይሁን። በኋላ ከሆነ ዝቅ ያለውን ከፍ አድርጎ ንዝረቱን ይሞላዋል፣ የደከሙበት ሁሉ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ «እነዚህ ዘፈኖች ትዝታን ያስታውሱኛል። በክራር በትዝታ ቅኝት ልጫወታቸው ስል ግን እምቢ አሉኝ።» ከጎንደር

መልስ፦ ስሜቱ ይቀራረባል፣ ቅኝቱ ይለያል። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ማይነሩ ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። የማር ኮርዶች ሰባቱንም ይጠቀማሉ፤ በተለይ ሲ ያለበትን፣ ዶ-ሚ-ሶል-ሲ የሚባለውን ኮርድ ይወዳሉ። ክራርዎ ላይ ሲም ፋም የሉም። ባለ ስድስት ክር ከሆነ የዶን ኦክታቭ የምትይዘውን ክር በግማሽ ድምፅ ያላሏት፣ ሲ ትሆንልዎታለች። ፋ ባለበት ቦታ ዝም ይበሉ፣ ድምፁን ለዘፋኙ ይተዉት። ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ ካለዎት ደግሞ ምንም አይቸገርም፤ ጣቱ የፈለገው ቦታ ያርፋል።

ኀዘኑ የሚመጣበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ትዝታ በዝግታው፣ በቅኝቱና በእንጉርጉሮው ያሳዝናል። እዚህ ግን ግጥሙ የከፋው ነው፣ ሙዚቃው ያስጨፍራል፤ የሚያመው በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከዚህ ልማድ የሚወጡት እንደ አስሊፕ ያሉ በፒያኖና በድምፅ ብቻ የተሠሩት ናቸው፤ ለክራር የሚቀናዎትም ከእነሱ ቢጀምሩ ነው።

ጥያቄ፦ «እንደገና ይሰበሰባሉ ብዬ እጠብቅ ነበር። ለምን አልሆነም?» ከዱባይ

መልስ፦ ማር በ1987 ክረምት ወጣ፤ ያለ እሱ ባንዱ አልቆመም። ከዚያ ፍርድ ቤት መጣ። ከቀረጻና ከትርዒት ገቢ ሞሪሲና ማር እያንዳንዳቸው 40 በመቶ፣ ሩርክና ጆይስ 10 በ10 ይወስዱ ነበር። ሩርክ በ83,000 ፓውንድና በዚያው 10 በመቶ ተስማማ። ጆይስ ከሰሰ፣ በዲሴምበር 1996 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት 25 በመቶ ይገባዋል አለ፤ የሞሪሲም ይግባኝ በ1998 ወደቀ። ቁስሉ አልሻረም። አንዲ ሩርክ በሜይ 2023 በካንሰር አረፈ፤ ከእሱ ወዲህ አራቱን አንድ መድረክ ላይ የማየት ነገር ተዘግቷል። ቤዙን በደንብ ሰምተው ለማያውቁ ባርባሪዝም ቢጊንስ አት ሆም ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘፈን ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የተሸከመው የሩርክ ጣት ነው።

ጥያቄ፦ «ዘ ኩዊን ኢዝ ዴድ የመጀመሪያ እትም ነው ተብሎ በውድ ዋጋ ቀረበልኝ። በምን ልለየው?» ከቶሮንቶ

መልስ፦ ሽፋኑን ከማየትዎ በፊት ሸክላውን ብርሃን ላይ ያዘንብሉት። ከመጨረሻው ዘፈንና ከመለያው ወረቀት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ላይ በእጅ የተጫረ ጽሑፍ አለ። በአንደኛው ገጽ የማንችስተር ፍርሃት፣ በሁለተኛው ያ ክፉ ዘመን ነበር የሚል ሐሳብ ያላቸው የእንግሊዝኛ ሐረጎች ናቸው። ይህ የባንዱ ልማድ ነው፤ የቢግማውዝ ነጠላ ላይም ተሰጥኦ ይዋሳል፣ ሊቅ ይሰርቃል የሚል ተጭሯል። መለያው ላይ የአሳታሚው ስም ራፍ ትሬድ፣ ቁጥሩ ራፍ 96 መሆን አለበት፤ ሽፋኑም እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ነው። የዋርነር ኩባንያዎች ስም ካለበት ከ1990ዎቹ ወዲህ እንደገና የታተመ ነው።

ሻጩ ከፈቀደ የየገጹን የመጨረሻ ዘፈን ያጫውቱ፤ በአንደኛው ገጽ ሴሜትሪ ጌትስ ነው። መርፌው ወደ መሐል ሲጠጋ ክቡ ስለሚጠብ፣ በመጥፎ መርፌ የተጎዳ ሸክላ መጀመሪያ የሚሻክረው እዚያ ነው። የሞሪሲ «ስ» ድምፅ ከተፋጨ ይተዉት። ማጠብ አያድነውም፤ መታጠብ አቧራን እንጂ ጭረትን አያወጣም። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ፍራንክ አርክራይት ከማር ጋር ሆኖ ያስተካከላቸውና ከ2011 ጀምሮ የወጡት እትሞች ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከአሮጌው በብዙ ያንሳል።

ሰብሳቢ ከሆኑ ግን ዋት ዲፈረንስ ደዝ ኢት ሜክ የሚለውን ነጠላ ይፈልጉ። ሽፋኑ ላይ ዘ ኮሌክተር ከተባለው ፊልም የተወሰደ የተዋናዩ ቴረንስ ስታምፕ ፎቶ ነበር። ስታምፕ አልፈቅድም ሲል ሞሪሲ ራሱ በዚያው አቋም፣ እጁ ላይ የወተት ብርጭቆ ይዞ ተነሣና ለጊዜው ተተካ። በኋላ ስታምፕ ፈቀደ። ስለዚህ ባለ ወተቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የታተመ ነው፤ ተፈላጊነቱም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ለንደን ነው የምኖረው። ማንችስተር በአንድ ቀን ደርሼ ብመለስ ምን ማየት አለብኝ?» ከለንደን

መልስ፦ ከዩስተን ጣቢያ እስከ ማንችስተር ፒካዲሊ በባቡር ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መጀመሪያ ሳልፎርድ ላድስ ክለብ ይሂዱ። ዘ ኩዊን ኢዝ ዴድ ሲከፈት ውስጡ ያለው ፎቶ፣ አራቱ በሩ ፊት ቆመው የሚታዩበት፣ ስቲቨን ራይት በዲሴምበር 1985 ያነሣው እዚህ ነው። ከፒካዲሊ በኤክልስ መስመር ትራም ኤክስቼንጅ ኪ ወርደው በእግር ኦርድሶል ሰፈር ይገባሉ። ክለቡ ዛሬም ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ነው። ከውጭ ፎቶ ለማንሣት ማንም አይከለክልዎትም፤ ለባንዱ የተሰጠውን ክፍል ለማየት ግን ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀን ከክለቡ አስቀድመው ይጠይቁ።

ፎቶውን እንደ ሸክላው ለማድረግ ፀሐያማ ቀን አይምረጡ። የመጀመሪያው በደመና ነው የተነሣው፤ ፀሐይ ሲኖር የበሩ ቅስት ጥላ ፊት ላይ ይወድቃል። ከበሩ ላይ ያለው የክለቡ ስም በሙሉ እንዲገባ ወደ ኋላ ራቅ ይበሉ።

ከሰዓት በኋላ በትራም ቾርልተን ይሂዱና በባርሎ ሙር ጎዳና በእግር እስከ ሳውዘርን መካነ መቃብር ይዝለቁ። ሴሜትሪ ጌትስ የተዘፈነለት በር ነው። ስለ እሱ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ የዘፈኑ ርእስ በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ጎድሎት የተጻፈ መሆኑን አይርሱ፤ አስተካክለው ከጻፉት ላይመጣልዎት ይችላል። ቦታው አሁንም ቀብር የሚፈጸምበት ስለሆነ ቀስ ብለው ይግቡ፣ ሙዚቃውን በጆሮ ማዳመጫ ያድርጉት።